የነቀምቴዋ ስልከኛ የጡረታ መንገድ

አዴ ጫልቱ ማረፋቸውን የሰማሁት አዲስ አበባ ውስጥ፣ ከነቀምቴ ቡና ጭኖ ከመጣ አንድ ነጋዴ ነው። የማውቃቸው መሆኔን አላወቀም። ስለ ዝናቡና ስለ መንገዱ ሲያወራ ቆየና፣ "ያቺ ስልከኛ የነበረችው፣ አገር ላገር ስትዞር የኖረችው አሮጊት አረፈች" አለኝ፤ እንደ ተራ ወሬ።

ሰው ሞተ ሲባል "ምን ነካው?" ብሎ መጠየቅ ነው ደንቡ። ከእኔ አፍ የወጣው ግን "ከየት ሲመለሱ?" የሚል ነበር።

ነጋዴው ሳቀ። "አይ፣ ቤቷ ነው ያረፈችው። ቡናዋን አስለቅማ፣ ጓዟን ጠቅልላ፣ ልትሄድ ሁለት ቀን ሲቀራት ነው አሉ።"

"ወዴት ሊሄዱ ነበር?"

"እሱን ማን ያውቃል!"

እንባዬን ያየው ይሄኔ ነው። ደንግጦ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ ደግሞ ያስለቀሰኝ ኀዘን ብቻ አለመሆኑን ልነግረው አልቻልኩም። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ጆሮ፣ ጓዝ ጠቅልሎ መሞት! ቁጭ ብዬ አሰብኳቸው።

ከአዴ ጫልቱ ጋር የተዋወቅነው በንጉሡ ዘመን፣ ነቀምቴ ስልክ ቤት በማዞሪያ ሠራተኛነት የተቀጠርኩ ጊዜ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። አባቴ ከጎጃም ዓባይን ተሻግሮ ኪራሙ የሰፈረ ገበሬ ስለሆነ ኦሮምኛም አማርኛም ከልጅነቴ አውቃለሁ፤ ለሥራው የመረጡኝም ለዚሁ ይመስለኛል። ያን ጊዜ ስልክ እንደ ዛሬ በራሱ አይገናኝም። ከደምቢ ዶሎ አዲስ አበባን የፈለገ ሰው ነቀምቴን ጠርቶ፣ ነቀምቴ ያለችው ሴት ገመዱን በእጇ ከዚህ ቀዳዳ ነቅላ እዚያኛው ላይ ሰክታ ነው የምታገናኘው። ያቺ ሴት አዴ ጫልቱ ነበሩ፤ አዴ እትዬ እንደ ማለት ነው። እኔ ስመጣ አሥራ ስድስት ዓመት ያህል እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

አጭር፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሻሻቸውን ወደ ኋላ አጥብቀው የሚያስሩ ሴት ነበሩ። ድምፃቸው ከሰውነታቸው ይበልጣል። የወለጋን ስልከኞች ሁሉ ገና ሳይናገሩ፣ ከአጠራራቸው ብቻ ይለዩአቸዋል። ደወሉ ሲያቃጭል፣ "ይሄ ጊምቢ ነው፤ ሲቸኩል ሁለት ጊዜ አከታትሎ ያዞራል" ይሉኛል። ገመዱን ሲሰኩ በእርግጥም የጊምቢው ስልከኛ ይሆናል።

በመጀመሪያው ቀን ያሉኝ ይህን ነው፦ "ኢንተላ ኮ፣ በዚህ ሽቦ የሰው ሬሳም ያልፋል፣ የሰው ሙሽራም ያልፋል። አሳልፊው እንጂ አትከተይው።" ኢንተላ ኮ ማለት ልጄ ማለት ነው። እስከ መጨረሻው የጠሩኝ በዚሁ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ምሳ ስንበላ ዕድሜዬን ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

"ለጡረታሽ ምን አዘጋጀሽ?"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

ያን ጊዜ ጡረታ የሚባለው ነገር ገና አዲስ ነው። ብዙው ሠራተኛ እስኪወድቅ ይሠራል፤ ከወደቀ በኋላ ልጅ ይጦረዋል። ጡረታ ወጣ የተባለ ሰው ካለም ደጁ ላይ ጋቢ ለብሶ ፀሐይ የሚሞቅ ነው። አዴ ጫልቱ ደግሞ የሚጦር ልጅ አልነበራቸውም። ባላቸው በወጣትነት ሞቶባቸዋል፤ ሌላ አላገቡም። ታዲያ ነገሩን እንደ ክረምት ነበር የሚያዩት። "ክረምት ድንገት መጣብኝ የሚል ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ? ጡረታም ቀኑን ቆርጦ ነው የሚመጣው። ጣሪያውን መጠገን በግንቦት ነው" ይሉኝ ነበር።

የእሳቸው ግንቦት አሥር ዓመት የፈጀ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ጉቶ ጊዳ ውስጥ ትንሽ መሬት ገዝተው ቡና ተክለዋል። ቡናው በደንብ የሚያፈራው እሳቸው ሥራ ሊለቁ ሲሉ እንዲሆን ዓመቱን አስልተው ነው የተከሉት። "እሱ ሥራ ሲጀምር እኔ እተዋለሁ" ይላሉ። ከተማ ውስጥ ያለችውን ቤታቸውን ለሁለት ከፍለው የመንገዱን በኩል ሸምሱ ለሚባል ጉራጌ ባለሱቅ አከራዩ። ለራሳቸው አንዲት ክፍል ብቻ አስቀሩ። "ብዙ ክፍል ያለው ሰው ከቤቱ አይወጣም" አሉኝ።

እኔን ግን ይበልጥ የገረመኝ እግራቸው ነው። ከሥራ ስንወጣ ሌላው ወደ ቤቱ ሲሄድ እሳቸው የጉቶ ጊዳን መንገድ ይዘው፣ ዳገቱን ወጥተው፣ ቡናቸውን አይተው ይመለሳሉ። ሲዘንብም ይሄዳሉ። አንድ ቀን አብሬያቸው ሄጄ ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ቆመው ጠበቁኝ።

"በየቀኑ ለምን ይመላለሳሉ? ቡናውን እንደሆነ የሚጠብቀው ሰው አለ።"

"ቡናውን ልጠብቅ መሰለሽ? ገንዘብ ብቻ አይደለም የሚቆጠበው፤ እግርም ይቆጠባል። እግር ደግሞ የሚጠራቀመው ሲያወጡት ነው።"

"ወዴት ሊሄዱበት?"

የመለሱልኝ ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም ሌላ ነገር ሲነሳ።

ደምቢ ዶሎ ላይ ኦቦ ቶሌራ የሚባሉ ስልከኛ ነበሩ፤ ኦቦ አቶ ማለት ነው። ጧት ማዞሪያው ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያው ደወል የእሳቸው ነው። አዴ ጫልቱ ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አድርገው "አካም ቡልተኒ?" ይላሉ፤ እንዴት አደሩ ማለት ነው። ቀጥሎ የሁለቱ ወግ ይመጣል፤ ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ዝናብ ጣለ አልጣለም፣ ቡናው አበበ አላበበም። ከዚያ ሥራ ነው። አንድ ቀን "ኦቦ ቶሌራ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?" ብዬ ጠየቅኩ።

"አላውቅም" አሉኝ፤ "አይቻቸው አላውቅም።"

ከዚያ ነገሩኝ። ባላቸው የሞተ ጊዜ ለቅሶ የደረሰው ሕዝብ በሦስተኛው ቀን ተበተነ። ሥራ በገቡ ቀን ጧት ደወሉ አቃጨለ፤ ኦቦ ቶሌራ ናቸው። ስለ ሞቱ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ "ዛሬ እህል ቀመሱ?" አሏቸው። አልቀመስኩም አሉ አዴ ጫልቱ። "እንግዲያው ይሂዱና ይቅመሱ፤ መስመሩን እኔ እጠብቃለሁ።" በማግሥቱም እንዲሁ ጠየቁ፤ በሠልስቱም። አንድ ዓመት ሙሉ፣ አንድ ጧት ሳያጓድሉ።

"አሁን ደግሞ" አሉኝ ማዳመጫውን በጨርቅ እየወለወሉ፣ "የእሳቸው ሚስት ከሞተች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ክረምት ነበር፤ መንገዱ ተቆርጦ፣ እዚህም የሚተካኝ ሰው ጠፍቶ ቀረሁ። በሽቦ አልቅሼ ዝም አልኩ። ለቅሶ ያልደረስኩ ሰው ነኝ፣ ኢንተላ ኮ። ጡረታ የወጣሁ ዕለት የምሄደው ወዴት እንደሆነ አሁን ገባሽ? ጊምቢን አያለሁ፤ ነጆን አያለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ያናገሩኝን ሰዎች ፊት በፊት አያለሁ። መጨረሻዬ ደምቢ ዶሎ ነው።"

ጡረታቸው አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሲቀረው አንድ ነገር ሆነ።

ማዳመጫቸውን ከቀኝ ጆሯቸው ወደ ግራ ማዛወራቸውን ካየሁ ሰንብቻለሁ፤ ምክንያቱን ግን አልጠየቅኩም። ያን ዕለት ከሌላ ጣቢያ ተላልፎ የመጣ መልእክት ተቀበሉ፤ ምጥ የጠናባት ሴት ስላለች ከነቀምቴ መኪና ይላክ የሚል ነው። አዴ ጫልቱ መልእክቱን ጽፈው ለተላላኪው ሰጡት። ወረቀቱ በአጠገቤ ሲያልፍ ዓይኔን ጣል አደረግኩበት፤ "ነጆ" ይላል። እኔ ግን ድምፁን ከጎን ሰምቼዋለሁ፤ ሰውየው ያለው "አርጆ" ነው። አርጆ በደቡብ ነው፣ ነጆ በምዕራብ። መኪናው ወደ ነጆ ቢሄድ ያቺ ሴት አለቀላት ማለት ነው።

ብድግ ብዬ ተላላኪውን ደጅ ላይ ያዝኩትና ወረቀቱን አረምኩት። መኪናው አርጆ ሄደ፤ ሴትየዋም በሰላም ተገላገለች። ከእኔና ከእሳቸው በቀር ማንም አላወቀም።

ወደ ወንበሬ ስመለስ አዴ ጫልቱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ ብለዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳቸው።

"ቀኙ ከሞተ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ግራውም መድከም ጀምሯል።"

"እኔ አጠገብዎ አለሁ። የሚያጠራጥር ሲመጣ እደግምልዎታለሁ። አንድ ዓመት ምን አላት? ማንም አያውቅም።"

ዓይናቸውን አነሱ። እንዲያ ሲያዩኝ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። "ያቺ ሴት ታውቃለች" አሉኝ። "ብትሞት ኖሮ ታውቅ ነበር።"

በማግሥቱ ጧት፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ወደ ኃላፊያችን ቢሮ ገቡ። በሩ ክፍት ስለነበር ሰማሁ። "ጌታዬ፣ ጆሮዬ ከድቶኛል። ከዛሬ ጀምሮ ማዞሪያው ላይ መቀመጥ የለብኝም።" ከሥራ ቢሰናበቱ አገልግሎታቸው ሳይሞላ ይቀራል፤ ጡረታውም ሊቀር ይችላል። ይህን አዴ ጫልቱ ከኃላፊው የተሻለ ያውቁታል፤ አሥር ዓመት ያሰሉት ነገር ነው።

ኃላፊው ደግ ሰው ነበሩ። "ደጅ ያለው መስኮት ላይ ይቀመጡ፤ ባለጉዳዩን ይመዝግቡ። ከንፈር ማየት ይችላሉ አይደል?" አሏቸው።

"እማራለሁ" አሉ አዴ ጫልቱ።

ተማሩም። ያን አንድ ዓመት ከሁለት ወር የሰውን ከንፈር እንደ ፊደል ቆጠሩት። ማዞሪያው ላይ እኔ ተተካሁ። የጧቱን የደምቢ ዶሎ ደወል እኔ ተቀብዬ ሰላምታውን ከኦቦ ቶሌራ ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ ኦቦ ቶሌራ አደርሳለሁ። ሌላው ሰው ቢሆን በዚያ ሐዘን ይሰበር ነበር። እሳቸው ግን የጉቶ ጊዳን ዳገት እየወጡ እየወረዱ ነው የከረሙት።

የሚሰናበቱበት ቀን ደረሰ። የመሥሪያ ቤቱ ሰው ገንዘብ አዋጥቶ መደገፊያ ያለው፣ ትራስ የተሰፋበት ትልቅ ወንበር ገዛላቸው። ንግግር ተደረገ፤ "ከእንግዲህ ይረፉ" ተባለ። አመሰገኑ፤ በኩሊ አሸክመው ወሰዱት። በሳምንቱ ቤታቸው ብሄድ ወንበሩ የለም።

"ሸጥኩት" አሉኝ። አልጋቸው ሥር ጎንበስ ብለው ወፍራም ሶል ያለው አዲስ ሸራ ጫማና ዝናብ የማያስገባ ካፖርት አወጡ። "ሰዎቹ በደግነት ነው፤ ግን ተቀመጪ ማለታቸው ነው። ለመቀመጥማ ሃያ ሦስት ዓመት ተቀምጫለሁ።"

የገንዘቡን ነገርም ጨርሰዋል። "መቀነቴ ውስጥ ብር ቋጥሬ አልዞርም" አሉ። ሸምሱ በየከተማው ሱቅ ያላቸው ዘመዶች አሉት። ስለዚህ ኪራዩን ነቀምቴ ላይ አይከፍላቸውም፤ እሳቸው ጊምቢ ሲደርሱ የጊምቢው ዘመዱ ይሰጣቸዋል፤ ደምቢ ዶሎ ሲደርሱ የደምቢ ዶሎው። ሸምሱ ይህን ሲያስረዳኝ ራሱን እየነቀነቀ፣ "እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ይህን ግን ያሰበችው እሷ ናት" አለኝ።

ችግሩ የመጣው ከወንድማቸው ነው። ኦቦ ዲንሳ ታላቃቸው ናቸው፤ ወፍጮ ቤት አላቸው። ባልና ልጅ የሌላት ሴት፣ ንግድ ሳትነግድ፣ ጠበል ሳትሄድ፣ የታመመ ዘመድ ሳትጠይቅ ብቻዋን አገር ላገር ትዙር የሚለው ነገር አልዋጥ አላቸው። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሦስት ሽማግሌ ይዘው መጡ። አዴ ጫልቱ ከጎናቸው እንድቀመጥ አስጠሩኝ፤ ከከንፈር ያመለጠውን በግራ ጆሯቸው እንድነግራቸው ነው።

"ቡናሽን አግዝሻለሁ፤ ገንዘብሽን ወፍጮው ላይ እንጨምረው፤ አንቺም እኔ ቤት ግቢና ኑሪ" አሉ ኦቦ ዲንሳ። "መንገድ ላይ ብትወድቂ ማን ይቀብርሻል?"

"የወደቅኩበት አገር ሰው ይቀብረኛል። ሬሳ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው ወለጋ ውስጥ አለ እንዴ?"

ኦቦ ጃለታ የሚባሉት ትልቁ ሽማግሌ ጣልቃ ገቡ። "ልጄ፣ መሄድሽን አይደለም የምንቃወመው። ምክንያቱን ንገሪንና ለሰው የምንለው ይኑረን።"

አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተናገሩ። ለእኔ የነገሩኝን ነው የነገሯቸው፤ የኦቦ ቶሌራን የአንድ ዓመት ጥያቄ፣ የሚስታቸውን ሞት፣ የተቆረጠውን መንገድ። ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦ "ሐዘኔን የደረሰልኝን ሰው ሐዘን ሳልደርስለት ቀርቻለሁ። እናንተ ሽማግሌዎች ናችሁ። ይህን ይዘሽ ሙቺ ካላችሁኝ፣ እቀመጣለሁ።"

ኦቦ ጃለታ መሬቱን በዘንጋቸው ጫሩት። ከዚያ ወደ ኦቦ ዲንሳ ዞረው፣ "እኛን ለዚህ ነው የጠራኸን? ይቺ ሴት ዘግይታለች እንጂ አልቸኮለችም" አሉና ተነሡ።

ኦቦ ዲንሳ ግን አኩርፈው ወጡ። ስንሄድ ሊሸኙንም አልመጡም።

"ስንሄድ" ማለቴ የዓመት ፈቃዴን ይዤ አብሬያቸው ስለወጣሁ ነው። እስከ ደምቢ ዶሎ ጆሮ ልሆናቸው፣ በአውቶቡስ ልመልሳቸው። ዕቅዱ ይኸው ነበር።

ከነቀምቴ ወርደን ዴዴሳን ስንሻገር ሙቀቱ እንደ ወፍጮ ቤት ትንፋሽ ፊታችን ላይ መጣ። አዴ ጫልቱ መስኮቱን ከፍተው ወንዙን እስኪጠፋ ድረስ አዩት። ጊምቢ ላይ፣ ሃያ ዓመት በስልክ እንደ በሬ ሲያገሣባቸው የኖረውን ስልከኛ አገኘነው፤ ከእኔ ትከሻ የማይደርስ፣ ቀጭን፣ ዓይን አፋር ሰው። አዴ ጫልቱ ሲያዩት አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሳቁ። እሱም "እኔም ረጅም ሴት ነበር የጠበቅኩት" አለና ተያይዘው ሳቁ። ነጆ ያለችው ስልከኛ ለሴት ልጇ ጫልቱ የሚል ስም አውጥታላት አገኘን፤ በምጧ ዕለት መስመሩን ይዘው ያበረቷት አዴ ጫልቱ ስለነበሩ። ይህን ለእኔ ነግረውኝ አያውቁም። ልጅቱ አድጋለች፤ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች።

ከነጆ ወደ ኋላ ተመልሰን የደምቢ ዶሎን መንገድ ያዝን። አውቶቡሱ ጭቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተቀረቀረ፤ ወንዶቹ ሲገፉ አዴ ጫልቱም ወርደው ገፉ። በሁለተኛው ጊዜ ከኋላቸው ሆኜ ስጠራቸው ምንም እንዳልሰሙኝ ልብ አልኩ። ፊታቸው ቆሜ "አዴ ጫልቱ" አልኩ፤ ጮክ አድርጌ። ግራ ጆሯቸውን ነክተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ዛሬ ጧት ነው" አሉኝ። "ተነሣሁ፤ ዝም ብሏል።"

እኔ አለቀስኩ። እሳቸው መንገዱን እያዩ፣ "ሁለት ቀን ቢጠብቀኝ ምን ነበረበት?" አሉ። በቃ፤ ሌላ ምሬት አልሰማሁባቸውም።

የኦቦ ቶሌራ ቤት ከስልክ ቤቱ ጀርባ ነው። ግቢው በር ላይ ስንደርስ አዴ ጫልቱ ቆሙ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እንደ ሐዘንተኛ ለበሱ፤ ወገባቸውን አሰሩ። ከዚያ የሟቿን ስም እየጠሩ፣ እያለቀሱ ገቡ። ሚስትየዋ ከሞተች አራት ዓመት ሊሆን ነው። ጎረቤት ሁሉ ሌላ ሰው የሞተ መስሎት እየሮጠ መጣ። ኦቦ ቶሌራ፣ ረጅም ሽበታም ሰው፣ ከቤት ወጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ። የመጡት ሴት ማን እንደሆኑ ማንም አልነገራቸውም። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ። ጎረቤቶቹም የገባቸው ሲገባቸው፣ ያልገባቸው ሳይገባቸው አብረው አለቀሱ። የአራት ዓመት ለቅሶ እንደ ትናንት ሞት ተለቀሰ። እኔ ብዙ ለቅሶ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አላየሁም።

ፊት ታጥቦ፣ አንጮቴ የሚሉት የወለጋ ሥራ ሥር በቅቤ ርሶ ቀርቦ ከተበላ በኋላ ሁለቱ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ኦቦ ቶሌራ ይናገሩ ጀመር። ኦሮምኛውን ከአማርኛ እየቀላቀሉ፣ ስለ ሚስታቸው፣ ስለ መጨረሻዋ ቀን፣ ስለ ጧቶቹ ሁሉ። ወፍራም ሰፊ ጢም ስላላቸው ከንፈራቸው በደንብ አይታይም። አዴ ጫልቱ አንድም ቃል እንዳልያዙ አውቄያለሁ። ወደ ፊታቸው ዞሬ ልደግምላቸው ስል እጄን ያዙኝ።

"ተዪ፤ ይናገሩ" አሉኝ። "ሃያ ሁለት ዓመት ፊታቸውን ሳላይ ሰማኋቸው። አሁን ድምፃቸውን ሳልሰማ ልያቸው።"

ኦቦ ቶሌራ ይህን ሰምተው ወንበራቸውን ወደ ብርሃኑ አስጠጉና ወሬያቸውን ቀጠሉ።

ሦስት ቀን ሰነበትን። በአራተኛው ጧት እኔ የመመለሻ ቦታ ልይዝ ወደ አውቶቡሱ ስሄድ አዴ ጫልቱን ጓዛቸውን ጠቅልለው ደጅ ቆመው አገኘኋቸው፤ አጠገባቸው ወደ ጋምቤላ ቡና ይዘው የሚወርዱ ነጋዴዎች በቅሎ እየጫኑ ነው። ከነጋዴዎቹ ጋር ያስተዋወቋቸው ኦቦ ቶሌራ ናቸው፤ መሪውን ያውቁታል።

"ዕቅዱ ደምቢ ዶሎ መጨረሻው ነበር እኮ!" አልኩ፤ ፊታቸው ቆሜ፣ ከንፈሬን እያጎላሁ። "ጋምቤላ የሚያውቁት ሰው አለ?"

"የለም።"

"ቋንቋውን አያውቁ። ጆሮ የለዎት። ምን ሊያደርጉ?"

"ቋንቋውን ብሰማም አላውቀውም ነበር" አሉኝ ፈገግ ብለው። "እዚያ እኔና ጆሮ ያለው ሰው እኩል ነን።" ከዚያ ፈገግታቸውን ትተው እጄን ያዙ። "እስከዚህ የመጣሁት ያለብኝን ልከፍል ነው፣ ኢንተላ ኮ። ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ነው። የራሴ ብዬ የሄድኩበት መንገድ እስከ ዛሬ የለም።"

ኦቦ ቶሌራ፣ "ዋቅኒ ኢሲን ሃ ኤጉ" አሏቸው፤ እግዜር ይጠብቅዎ ማለታቸው ነው። አዴ ጫልቱ ከንፈራቸውን አይተው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። በቅሎ ቢያቀርቡላቸው እምቢ አሉ፤ በእግራቸው ከነጋዴዎቹ ፊት ወጡ። መንገዱ ወደ ቆላው እስኪጠመዘዝ ቆሜ አየኋቸው።

ነቀምቴ ብቻዬን ስወርድ ኦቦ ዲንሳ አውቶቡስ ተራው ላይ ቆመዋል። ቀኑን ከየት እንደሰሙ አላውቅም። ተሳፋሪው አንድ በአንድ ሲወርድ እያዩ ቆዩና እህታቸውን ሲያጡ ወደ እኔ መጡ። ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር።

"ጋምቤላ ብርድ አለ?" አሉኝ።

"የለም፣ ሙቀት ነው ይላሉ።"

"መቼ እመለሳለሁ አለች?"

"አልነገሩኝም።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አውቶቡስ በሚገባበት ሰዓት ወፍጮ ቤቱን ለሠራተኛ እየተዉ ተራው ላይ ይቆማሉ። ከተማው ይስቅባቸው ነበር። ከሁለት ወር በላይ ቆመዋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ አዴ ጫልቱ ወረዱ። ከስተዋል፤ ፀሐይ አጥቁሯቸዋል፤ ካፖርታቸው ትከሻው ላይ ተቀዷል። ኦቦ ዲንሳ ጓዛቸውን ተቀብለው ተሸከሙት፤ በዚያ ዕድሜ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየ። ወሬውን ሰምቼ ከሥራ ስወጣ ቤታቸው ሄድኩ። አዴ ጫልቱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ስለ ሰፊው ወንዝ ይናገራሉ፤ የሰውን ፊት ያህል ስለሚሰፋ ዓሣ፣ ከግንድ ስለተቦረቦረ ጀልባ፣ ምን እንዳለች ሳያውቁ ከጎጆዋ አስገብታ ስላሳደረቻቸው ሴት። ኦቦ ዲንሳ፣ ከነቀምቴ ባኮን አልፈው የማያውቁት ያ ሰው፣ ወለሉ ላይ፣ ታናሽ እህታቸው እግር ሥር ተቀምጠዋል። ገብቼ ሰላም ስል እጃቸውን አንሥተው ዝም በይ አሉኝ፤ ዓይናቸውንም ከእህታቸው ፊት አልነቀሉም።